አምስት ሙዚቀኛ፣ አንድ ማይክ፣ አንድ ሰአት ላይቭ፦ ከአንድ ትንሽ የሕዝብ ሬዲዮ ጣቢያ የጉዳይ ጥናት

ይሄን የምጽፈው ድምፅ ስራ ላይ ላላችሁ ነው፣ በተለይ በኮሚኒቲ ሬዲዮም ይሁን በማኅበር አዳራሽ የባህል ሙዚቃ ላይቭ ለምታስተላልፉ። ጉዳዩ የሆነው አሜሪካ ቨርጂኒያ ተራራማው ክፍል ያለች ትንሽ ከተማ ውስጥ፣ አንድ የሕዝብ ሬዲዮ ጣቢያ ላይ ነው። ሙዚቃው ብሉግራስ የሚባለው የአሜሪካ ተራራማ አካባቢ የባህል ሙዚቃና የድሮ ካንትሪ ነው፣ ማይክ የዘረጋሁትና ሚክሰሩ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። የጣቢያውንም የሰዎቹንም ስም አልጠራም። ጥሩ የሄደም የተበላሸም ነገር ነበረው፣ የተበላሸው ነው ይበልጥ ያስተማረኝ።

መነሻው

በ1990ዎቹ መጨረሻ (አመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ዲሲ ታክሲ ስነዳ ከሰአት በኋላ 88.5 ላይ ብሉግራስ ይለቀቅ ነበር፣ የአሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ጣቢያ ደብልዩ ኤ ኤም ዩ ነው። ባንጆ መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ክራር መስሎኝ ድምፁን ከፍ አደረግኩት። በኋላ ነው ባንጆ ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የመጡ ሰዎች ይዘውት ከመጡት የቅል መሳሪያ የተወለደ መሆኑን ያወቅኩት፣ እና ጆሮዬ ያን ያህል አልተሳሳተም ማለት ነው። ያ ፕሮግራም በ1967 በሳምንት ግማሽ ሰአት ተብሎ የተጀመረ ነው። በ2001 ከስራ ቀናት ወጣና ሰአቱ ለዜናና ለውይይት ተሰጠ፣ ሙዚቃው ወደ ኢንተርኔት ከዛም ወደ ዲጂታል ቻናል ዞረ፣ በ2016 ጣቢያው ከዚህ በላይ አልይዘውም ሲል ወዳጆቹ ፋውንዴሽን አቋቁመው በ2017 ተረከቡት። ይሄን የማነሳው የኛም ታሪክ ከዚሁ ጋር ስለሚሄድ ነው፣ የሕዝብ ሬዲዮ ላይ ዜና በየአመቱ ቦታ ይጨምራል፣ ሙዚቃ ግን የሚሸከመው ሰው እስካለ ድረስ ብቻ ነው የሚቆየው።

አሁን የምሰራበት ጣቢያ ትንሽ ነው። የሕዝብ ሬዲዮ ሲባል የመንግስት ሬዲዮ ማለት አይደለም፣ ማስታወቂያ የማይሸጥ፣ ከአድማጭ መዋጮ፣ ከስፖንሰርና እስከቅርብ ጊዜ ድረስ ከፌደራል በሚመጣ ድጎማ የሚኖር ጣቢያ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 ኮንግረስ ለሕዝብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ለሁለት አመት የተመደበውን 1.1 ቢሊየን ዶላር መልሶ ወሰደው፣ ገንዘቡን የሚያከፋፍለው ኮርፖሬሽን ደሞ በቀጣዩ ወር መዘጋቱን አስታወቀ። ትልልቅ ከተማ ያሉ ጣቢያዎች ቢጎዱም ይቆማሉ፣ ገጠር ያሉት ናቸው በጣም የተመቱት። የኛ ኢንጂነር ጡረታ ሲወጣ ቦታው ሳይተካ ቀረ፣ አሁን ያለው በኮንትራት የሚመጣ የሁለት ሰአት መንገድ ርቆ የሚኖር ሰው ነው፣ እኔና ሌሎች ደሞ ቅዳሜና እሁድ በነጻ እንሰራለን።

የዛን አመት የመኸር መዋጮ ሳምንት ላይ፣ አድማጭ ስልክ ደውሎ በሚያዋጣበት ሳምንት፣ የፕሮግራም ኃላፊዋ አንድ ሀሳብ አመጣች፣ ቅዳሜ ከቀኑ 7 ሰአት እስከ 8 ሰአት የአካባቢው ባንድ ስቱዲዮ ገብቶ ላይቭ ይጫወት። ሀሳቡ አዲስ አይደለም፣ ጎረቤት ዌስት ቨርጂኒያ ማውንቴን ስቴጅ የሚባለው ፕሮግራም ከ1983 ጀምሮ በሕዝብ ሬዲዮ መድረክ ላይ የሚጫወት ሰው ያሰማል። ግን እነሱ ቲያትር ቤትና ሙሉ የድምፅ ቡድን አላቸው፣ እኛ ያለን የውይይት ስቱዲዮ ነው።

ባንዱ የቤተሰብ ባንድ ነው፣ ባንጆ፣ ማንዶሊን፣ ፊድል (ቫዮሊን ነው)፣ ጊታርና ትልቁ ቤዝ፣ አራቱ ይዘፍናሉ። ከነሱ ጋር የባለጊታሩ እናት ይመጣሉ ተባልን፣ ከሰማንያ አመት በላይ ናቸው፣ ያለ ምንም መሳሪያ የተራራውን የድሮ ረጃጅም የታሪክ ዘፈኖች የሚያውቁ ሴት ናቸው።

ችግሩ ምን ነበር

ክፍሉ 5 በ4 ሜትር ነው፣ መሀሉ ላይ ከወለሉ ጋር የታሰረ ክብ ጠረጴዛ አለ፣ ማይኮቹ ሰው ከንፈሩን አስጠግቶ እንዲያወራባቸው የተገዙ ናቸው። ይሄ የሚታየው ችግር ነው። የማይታየው ግን ከሚክሰሩ በኋላ ያለው ነበር፣ ድምፁ ወደ ትራንስሚተር ከመሄዱ በፊት የሚያልፍባቸው ማሽኖች በሙሉ ለንግግር የተስተካከሉ ናቸው።

አንዱ ፕሮሰሰሩ ነው። ስራው ዝቅ ያለውን ከፍ፣ ከፍ ያለውን ዝቅ እያደረገ መኪና ውስጥ ያለ ሰው ቮሊውም እንዳይነካ ማድረግ ነው፣ ለዜና አንባቢ ግሩም ነው። ፊድል ቀስ እያለ ወርዶ ሲያልቅ ግን ማሽኑ ሰውየው የራቀ ይመስለውና ይከፍተዋል፣ ስለዚህ ዘፈኑ ሲሞት የአየር ማቀዝቀዣው ሹሹታ ይወለዳል። ሁለተኛው 8 ሰከንድ የሚያዘገየው ነው፣ ከጠዋቱ 12 ሰአት እስከ ምሽቱ 4 ሰአት አየር ላይ ስድብ ቢያመልጥ ጣቢያው ሊቀጣ ስለሚችል ላይቭ ፕሮግራም ሁሉ በሱ ያልፋል። በዚህ የተነሳ ሚክሰር ላይ ያለ ሰው በሄድፎኑ የሚሰማው የሚክሰሩን እንጂ አየር ላይ ያለውን አይደለም። ሶስተኛው ሳይለንስ ሴንሰር ይባላል፣ ድምፅ ከተወሰነ ልክ በታች ለ20 ሰከንድ ከቆየ መስመር ተቋርጧል ብሎ ያስብና በራሱ ወደ መጠባበቂያው ኮምፒውተር ያዞራል። ሌሊት ሰው በሌለበት ጣቢያውን ስንቴ አድኖታል። የዛን ቀን ግን ያደረገውን ወደታች እነግራችኋለሁ።

ከዛ ሰአቱ አለ። 8 ሰአት ላይ የኔትወርኩ ዜና በሰከንድ ቆጥሮ ይገባል፣ ከሱ በፊት የጣቢያው መጠሪያና ከተማው መነገር አለበት፣ ሕግ ነው። ሙዚቀኛ ደሞ ሲሞቅለት አንድ ዙር ይጨምራል፣ የመጨመር መብቱም አለው።

መጀመሪያ የሞከርነው

ጠዋት 4 ሰአት ላይ ጀመርን። እኔ የማውቀው የሰርግና የአዳራሽ ስራ ስለሆነ ለእያንዳንዱ መሳሪያ አንድ፣ ለሚዘፍኑት አራት፣ በድምሩ ዘጠኝ ማይክ ዘረጋሁ፣ ለሁሉም ሄድፎን ሰጠሁ። ኬብሉ ወለሉን ሸፈነው። ቁጥጥሩ በእጄ ይሆናል፣ ማንም ቢጮህ እቀንሰዋለሁ ብዬ ነበር።

አልሆነም። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ባንጆው በዘጠኙም ማይክ ይገባል፣ ግን ወደ እያንዳንዱ የሚደርሰው በተለያየ ሰአት ነው፣ ልዩነቱ የሰከንድ ሺኛ ቢሆንም ሲደመር እርስ በርሱ ይበላላና ድምፁ በርሜል ውስጥ የተጫወቱት ይመስላል። በሁለት ማይክ መሀል ያለው ርቀት ማይኩ ከመሳሪያው ካለው ርቀት ቢያንስ ሶስት እጥፍ ይሁን የሚል የድሮ ልክ አለ፣ በዛ ክፍል ውስጥ ለዘጠኝ ማይክ ይሄን ማሟላት አይቻልም። ማንዶሊኑን ከፍ ሳደርግ ባንጆው አብሮ ይወጣል፣ ድምፃዊውን ከፍ ሳደርግ ፊድሉ ጆሮ ይወጋል። ከሁሉ የባሰው ሄድፎኑ ነው፣ እነዚህ ሰዎች እድሜ ልካቸውን የተጫወቱት ጎን ለጎን ቆመው በአይን እየተያዩ ነው፣ ጆሯቸው ሲዘጋ ሪትሙ ደረቀ፣ ድምፃቸውም ሲገጣጠም የነበረው መገጣጠም ጠፋ። አንድ ሰአት ተኩል ስንታገል ቆየን።

ባለባንጆው ሄድፎኑን አወለቀና ካላስቸገርንህ አባቶቻችን እንዳደረጉት እንሞክር አለኝ። እንዳደረጉት ማለት አንድ ማይክ ነው። በ1930ዎቹና 40ዎቹ የሬዲዮ ጣቢያ ባንድ አንድ ማይክ ዙሪያ ይቆም ነበር፣ ከ1939 ጀምሮ የብሉግራስ አባት የሚባለው ቢል ሞንሮ ናሽቪል ከተማ ግራንድ ኦል ኦፕሪ በሚባለው የሬዲዮ ፕሮግራም ላይ ይሄን ሙዚቃ ሲያሰማ የነበረው በዛ ዘመን አሰራር ነው፣ በኋላ ደሞ በ1990ዎቹ የዴል መኩሪ ባንድ አሰራሩን መድረክ ላይ መልሶ አመጣው። እኔ ይሄን እንደ ታሪክ አውቀው ነበር እንጂ እንደ መፍትሄ አላየሁትም።

ከዛ ያደረግነው

ዘጠኙን በሙሉ ነቀልኩ። ጣቢያው ንባብ መቅጃ ክፍል ውስጥ አንድ ጥሩ ትልቅ ኮንደንሰር ማይክ ነበረ፣ 48 ቮልት ከሚክሰሩ የሚወስድ፣ ከፊት ለፊቱ የሚሰማ ከጀርባው የማይሰማ። ጠረጴዛው ስለማይነቀል ከሱ ፊት ባለችው ባዶ ቦታ፣ በረጅሙ ሰውዬ አገጭ ልክ አቆምኩት። ለቤዙ ብቻ አንድ ትንሽ ማይክ ጨመርኩ፣ የቤዝ ድምፅ በዛች ክፍል ርቆ ሲመጣ ይደፈርሳል።

ሚክሱን የሰሩት እነሱ ናቸው በእግራቸው። ርቀት እጥፍ ሲሆን ድምፅ 6 ዲሲቤል አካባቢ ይወርዳል፣ ስለዚህ ባንጆው የሚጮኸው ኋላ ይቆማል፣ ጊታሩ ቀረብ ይላል፣ ሶሎ የደረሰው ግማሽ እርምጃ ገብቶ ተጫውቶ በጎን ይወጣል፣ ሲዘፍኑ ጭንቅላታቸው ሊነካካ ነው የሚደርሰው። ወለሉ ላይ በነጭ ፕላስተር የእያንዳንዱን ቦታ ምልክት አደረግን። ባለፊድሉ ሲገባ ቀስቱ የባለማንዶሊኑን ባርኔጣ እንዳይመታ ባለማንዶሊኑ ሁሌ በግራ ትከሻው ነው የሚወጣው፣ ተነጋግረው አይደለም፣ አይኑን እንኳ አያነሳም። እኔ ስመለከት ማሲንቆ ተጫዋች ሰርግ ቤት በጠረጴዛዎች መሀል እየዞረ ለአንዱ ቀረብ ከአንዱ ራቅ ሲል ትዝ አለኝ፣ እሱም ያኔ ሚክስ እያደረገ ነበር ለካ።

ፕሮሰሰሩን በተመለከተ ከአንድ ቀን በፊት ለኮንትራቱ ኢንጂነር ደውለን ነበር፣ ውስጡ ለሙዚቃ የተዘጋጀ ሌላ ሴቲንግ አስቀምጦ ኖሯል፣ በኢንተርኔት ገብቶ ከ7 ሰአት እስከ 8 ሰአት ወደሱ እንዲዞር ሰአት ሞላለት። አየር ማቀዝቀዣውን 7 ሰአት ሊሆን 10 ደቂቃ ሲቀረው አጠፋን። አቅራቢዋ ለእያንዳንዱ ሙዚቀኛ አንድ አንድ ጥያቄ ወረቀት ላይ ይዛ ገባች፣ አንዱ ሲቃኝ ሌላውን እንድታናግር።

የሰራው

ሙዚቃው ሰራ። ከመጀመሪያው ዘፈን ጀምሮ ክፍሉ ውስጥ የሰማሁትና በሄድፎን የሰማሁት አንድ ሆነ፣ ይሄ በአመታት ስራዬ ብዙ ያላጋጠመኝ ነገር ነው። አራቱ ድምፅ ሲገጥሙ እንደ አንድ ሰው ድምፅ ነው የሚመጣው፣ ያንን ሚክሰሩ ላይ ያለውን የድምፅ ማንሻ፣ ፌደሩን፣ ገፍቼ አላመጣውም ነበር። የፕሮሰሰሩ ሴቲንግ መቀየሩ በጣም ጠቀመ፣ ፊድሉ ሲወርድ ወርዶ አለቀ፣ ሹሹታው አልመጣም። የጥያቄው ወረቀትም እንዲሁ፣ ማንዶሊን ስምንት ክር ነው፣ ክፍሉ ሲሞቅ ቶሎ ይላላል፣ አቅራቢዋ ባለቤዙን ስለ አያቱ ስትጠይቀው ከኋላ ቀስ ያለ የመቃኘት ድምፅ ይሰማ ነበር፣ እና ያ ራሱ ደስ ይል ነበር። ስልኩም በዛች ሰአት ከቀኑ ሌላ ሰአት ሁሉ ይልቅ ጮኸ፣ የሚያዋጡት ሰዎች ብዙዎቹ ስለሙዚቃው እያወሩ ነበር የሚሰጡት።

ያልሰራው

የባለጊታሩ እናት ተራ ሲደርስ ወንዶቹ ወደ ኋላ ሄዱ፣ እሳቸው ብቻቸውን ቆሙ። ሳውንድ ቼክ (የድምፅ ሙከራው) ላይ አልነበሩም፣ ከቤት የመጡት 6 ሰአት ተኩል ላይ ነው፣ ደክሟቸው ስለነበር ይረፉ ብለን ተውናቸው። ወለሉ ላይ ያለው ምልክት የልጆቻቸው ነው፣ እሳቸው ማይኩን ፈራ ብለው ከምልክቱም ሁለት እርምጃ ኋላ ቆሙ። እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አቆላለፉና አይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ፣ ድምፃቸው ክር ነው፣ ቀጭን ነው፣ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ያዘ።

እኔ ጌይኑን፣ ከማይኩ ወደ ሚክሰሩ የሚገባውን የድምፅ ልክ፣ ያስተካከልኩት በባንጆው ነው። ሜትሩ ላይ መብራቱ ታች ታች ሲል አየሁት፣ ፌደሩን ልግፋ አልኩና የክፍሉን ድምፅ እንዳላመጣ ፈርቼ፣ ደሞ ያንን ጸጥታ መንካት ከብዶኝ ተውኩት። 20 ሰከንድ ሞላ። ሴንሰሩ መስመር ተቆርጧል ብሎ አዞረ። እኔ የምሰማው ሚክሰሩን ነው፣ ዘፈኑ በጆሮዬ እየሄደ ነው፣ እሳቸውም እየዘፈኑ ነው፣ ውጪ ግን አየር ላይ ከመጠባበቂያው ኮምፒውተር የፒያኖ ሙዚቃ እየሄደ ነው። ያወቀችው ስልክ የምታነሳው የኮሌጅ ተማሪ ነች፣ ኮሪደሩ ላይ ትንሽ ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር፣ እየሮጠች መጥታ በመስታወቱ በኩል ሁለት እጇን አወዛወዘችልኝ፣ ሬዲዮውን ወደ መስታወቱ ስታስጠጋው ነው የገባኝ። መመለሻው ቁልፍ ያለው ማሽን ክፍል ውስጥ ነው፣ ሄጄ እስክጫነው ድረስ ከዘፈኑ መሀል አንድ ደቂቃ ከምናምን ሄዷል። አድማጭ የሰማው መጀመሪያውንና የመጨረሻውን ሁለት ስንኝ ነው።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ ሄጄ ጥፋቱ የኔ ነው አልኳቸው። እጄን ይዘው ልጄ፣ እናቴ ይሄን ያስተማረችኝ ላም እያለብን ነው፣ ላሟም ሁሌ አትሰማም ነበር አሉኝ። ልጃቸው ግን አልሳቀም፣ እውነቱን ነው፣ እናቱ ሬዲዮ ላይ ሲዘፍኑ የመጀመሪያቸው ነበር፣ ዘመድ በሙሉ ቤቱ ሬዲዮ ከፍቶ ተቀምጦ ነበር።

ያዳነን ቅጂው ነው። ከሚክሰሩ ቀጥታ ወደ ኮምፒውተር እየቀዳን ስለነበር ዘፈኑ ሙሉውን አለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ በዛው ሰአት፣ ባለፈው በኛ ስህተት ተቋርጦ ነበር ተብሎ በግልጽ ተነግሮ ከመጀመሪያው እስከመጨረሻው ተለቀቀ።

ሌሎቹን በአጭሩ ልበል። አየር ማቀዝቀዣውን ማጥፋታችን ልክ ነበር፣ ግን ቀድመን ክፍሉን ማቀዝቀዝ ነበረብን፣ በ40ኛው ደቂቃ ላይ ሁሉም ላብ በላብ ሆኖ ቅኝቱ በየዘፈኑ ይወርድ ነበር። ባለጊታሩ መሀል ላይ ሲዲያችንን በዚህ ዋጋ ግዙን ብሎ ዋጋ ጠራ፣ ማስታወቂያ የማይሸጥ ጣቢያ ላይ ዋጋ መጥራትና ግዙ ማለት ጣጣ ያመጣል፣ አቅራቢዋ ቀልጠፍ ብላ አሳለፈችው፣ ግን ቀድሞ የነገረው ሰው ስላልነበረ እሱን መውቀስ አይቻልም። ቪዲዮም ቀርጸን ነበር፣ ኢንተርኔት ላይ ልንጭነው ስንል ሁለቱ ዘፈኖች የሌላ ሰው ድርሰት ሆነው ተገኙ። ላይቭ ሬዲዮ ላይ ለማሰማት ጣቢያው ያለው ፈቃድ ቪዲዮ አድርጎ ለመጫን አይሰራም፣ ለዛ ከደራሲው ወይም ከአሳታሚው ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ የድሮዎቹንና የራሳቸውን ብቻ ጫንን።

ሌላ ቦታ የሚሰራው

ከዚህ የወሰድኩት ትልቁ ነገር ሳውንድ ቼክ በጣም ዝቅ ባለው ድምፅ መጀመር አለበት የሚለው ነው። ሁላችንም ከበሮው ወይም ባንጆው ሜትሩን ቀይ እንዳያደርገው ነው የምንፈራው፣ ለንግግር በተሰራ ጣቢያ ላይ ግን አደጋው ከታችም አለ። በገና ብታስቡት ያው ነው፣ ደርዳሪው ዝም ብሎ ክሩን ሲጠብቅ ማሽን አይገባውም። አሁን ላይቭ ሙዚቃ ሲኖር ኢንጂነሩ ሴንሰሩን ወደ 60 ሰከንድ ያረዝመዋል፣ መመለሻውም ቁልፍ ሚክሰሩ አጠገብ እንዲሆን መስመር ተስቧል።

የሚያዘገይ ማሽን ካላችሁ አንድ ሰው ከስቱዲዮ ውጪ በተራ ሬዲዮ፣ አድማጭ በሚሰማው ሬዲዮ፣ እየሰማ እንዲቆም መድቡ። እኛ እድለኞች ነን፣ ተማሪዋ ሬዲዮውን የከፈተችው ሙዚቃውን ስለወደደችው ነው እንጂ ማንም አላዘዛትም።

የማይክ ብዛትን በተመለከተ አንድ ማይክ ለሁሉም ነው እያልኩ አይደለም። አብረው የኖሩ፣ እርስ በርሳቸው የሚደማመጡ፣ ያለ ማጉያ ለመጫወት የተሰራ መሳሪያ የያዙ ሰዎች ሲሆኑ ይሰራል። ኪቦርድና ድራም ያለበት ባንድ ላይ አይሰራም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገናኙ ሙዚቀኞች ላይም አይሰራም። ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ አንድ ላይ ብዙ አመት የተጫወቱ ከሆኑ ግን ከበሮውን ወደ ኋላ አርቃችሁ ሞክሩት፣ እኔ ዲሲ አካባቢ አንድ የማኅበር ዝግጅት ላይ ሞክሬው ሁለት ሰአት የሚፈጀው ዝርጋታ በ20 ደቂቃ አለቀ።

ከሙዚቀኛ ጋር ቀድሞ መነጋገርን ደሞ እንደ ትንሽ ነገር አትዩት። ዋጋ እንዳይጠራ፣ የትኛው ዘፈን የማን ድርሰት እንደሆነ፣ ስንት ሰአት ላይ እጅ ሲታይ እንደሚያቆሙ፣ አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ጽፎ ከሳምንት በፊት መላክ ነው። እኛ የመጨረሻው ዘፈን ላይ ለ8 ሰአት ሁለት ደቂቃ ሲቀር አቅራቢዋ እጇን አነሳች፣ ባንዱ ዙሩን ጨርሶ ዘጋ፣ መጠሪያው ተነግሮ ዜናው በሰአቱ ገባ፣ ይሄ የሆነው ይሄን አንዱን ነገር ቀድመን ስለተነጋገርን ነው።

ክፍያውን ሳላነሳ አላልፍም። ባንዱ የመጣው በነጻ ነው፣ ስድስት ሰው፣ ሁለት መኪና፣ ሙሉ ቅዳሜያቸውን። ጣቢያው ገንዘብ የለውም እውነት ነው፣ ግን የዛች ሰአት መዋጮ የመጣው በነሱ ነው። ይሄን በስብሰባ ላይ አንስቼ ተከራክሬበታለሁ፣ ለጸደዩ ፕሮግራም ቤንዚን፣ ምሳና ለእያንዳንዱ ሙዚቀኛ የተወሰነ ገንዘብ በጀቱ ውስጥ ገብቷል። ባለጊታሩም እናቱን ይዞ እንደሚመጣ ነግሮናል፣ ሳውንድ ቼኩ ላይ እንዲኖሩ መኪና ጠዋት 3 ሰአት ላይ ልንልክላቸው ተስማምተናል።